ሠሪ ከውስጥ፣ ባለቤት ከውጭ

ሽማግሌው ንጉሥ በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ ሐሙስ ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የከተማው የእህል ጎተራ በር ከውጭ ተቆለፈ። የቆለፈው የጎተራው ጠባቂ ነበር፤ ውስጥ የነበረው ደግሞ ቁልፍ ሠሪው። ይህ በዚያ ዘመን ማንንም የሚያስገርም ነገር አልነበረም፤ ቁልፍ ሠሪዎች ከአባቶቻቸው የተቀበሉት የሙያ ሕግ ነበራቸውና። አዲስ ቁልፍ የተገጠመ እንደሆነ ሠሪው መሣሪያውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱ ከውጭ ይቆልፍና በሩን በትከሻው ይገፋል፣ ይነቀንቃል፣ በእግሩ ይመታል፤ ሠሪውም ጆሮውን ከበሩ ላይ አስደግፎ የብረቱን ድምፅ ያዳምጣል። ሁለቱም ልባቸው ሲረጋ ባለቤቱ ይከፍታል። «ሠሪ ከውስጥ፣ ባለቤት ከውጭ» ይባል ነበር። ሠሪው ለሥራው ራሱን መያዣ ይሰጣል፤ ባለቤቱም የዘጋበትን ሰው መልሶ በመክፈት እምነቱን ይመልስለታል። ከዚያ ሐሙስ በፊት ተዘግቶበት የቀረ ሠሪ አልተሰማም።

ቁልፍ ሠሪው ከወንዙ ማዶ የመጣ ሰው ነበር። ጢም ሳያበቅል መጥቶ በአንድ ሽማግሌ ሱቅ ወናፍ እየነፋ ሙያውን ተማረ፤ ኋላም የሽማግሌውን ልጅ አገባ፤ አማቱ ሲሞት ሱቁ ለሁለቱ ቀረ። ሚስቱ በአባቷ ጉልበት ሥር ሆና ያደገችበት ሥራ ነውና ከባሏ እኩል ሞረድ ትይዝ ነበር። ከተማው ባሏን «ማዶ» ብሎ ይጠራዋል፤ ቅጽል ስሙም ያኔ የቀልድ ስም ነበር። «ማዶ፣ ዋጋህ እኮ ከወንዙ ሰፋ» ይሉታል። «ምን ላድርግ፣ ዋና አላውቅም፤ የምመለስበትን ጀልባ እየገዛሁ ነው» ይላል፤ ይስቃሉ። ይህንን አንዱን ቀልድ ልጁ ተወልዳ ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ድረስ ሳይሰለቹ ተቀባበሉት። ጀልባውን ግን ማንም የእውነት አስቦት አያውቅም፤ ሰውዬው የሚሄድበት ሌላ ቤት አልነበረውምና።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ፤ ዳቦ አነሰ፤ ከዚያም ጠፋ። የከተማው ሹም በሕመም አልጋ ላይ ከዋለ ሰንብቶ ነበር፤ ስለዚህ ስለ እርሱ ሆኖ የሚናገረው አፈ ሹሙ ከተማውን በቃሉ ያስተዳድራል። አፈ ሹሙ ቁመቱ አጭር፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ጮሆ አያውቅም። የሚጮኽ ሰው የራሱን ፍርሃት ያወጣል፤ እርሱ ግን የሌላውን ፍርሃት ከተኛበት ቀስቅሶ የሚያወጣ ሰው ነበርና መጮኽ አያስፈልገውም። ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ አደባባዩ መካከል ካለው የድንጋይ መቆሚያ ላይ ወጥቶ ይናገራል።

በዚያ ሐሙስ የቁልፍ ሠሪው ሚስት ከልጇ ጋር ከሰል ልትገዛ አደባባዩ ላይ ነበረች፤ ስለዚህ ንግግሩን ከአፉ ሰማችው።

«እኔ ማንንም አልከስም» አለ አፈ ሹሙ። «እኛ እንግዳ ተቀባይ ሰዎች ነን፤ ደግነታችን ይታወቃል። ብቻ ልጠይቅ፤ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። ጎተራችን ለምን ጎደለ? ልጆቻችን ሲከሱ የማይከሱት እነማን ናቸው? ማታ ልጆቻችሁን አስተኝታችሁ በራችሁን ትዘጋላችሁ፤ የምትዘጉበትን ቁልፍ የሠራው ማን ነው? አንዱን ለእናንተ ሲሰጥ፣ ሌላ አስቀርቶ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?»

ከዚያም ዝም አለ። ጦሩ ዝምታው ነበር። ሰው ሌላ የነገረውን ይጠራጠራል፤ ራሱ የጨረሰውን ሐሳብ ግን እንደ ራሱ ልጅ ያቅፈዋል። አፈ ሹሙም ይህንን ስለሚያውቅ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ለሕዝቡ ይተውለት ነበር። ሴትዮዋ ራሷ፣ የዚያ ሰው ሚስት ሆና፣ ቁልፎቹን በእጇ ሞርዳ፣ እጇ ሳታስበው ወገቧ ላይ ወዳለው የቤቷ ቁልፍ ሲሄድ ተሰማት። በኋላ ስታስበው ከሁሉ በላይ ያስቆጣት ይህ ነበር።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ አፈ ሹሙ በመጨረሻ፣ በሐዘን ድምፅ። «ወደ ጎተራችሁ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።»

ሕዝቡ ሄደ። የጎተራው ጠባቂ በሩ ላይ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር፤ የቁልፍ ሠሪው የልብ ወዳጅና ጎረቤቱ ነው። «ውስጥ ማን አለ?» አሉት። ሊሰጥ የሚገባው መልስ አጭርና እውነት ነበር፤ ማዶ አለ፣ ቁልፍ እየፈተንን ነው። ከሕዝቡ አንዱ ግን ትክ ብሎ አየውና «ወዳጅህ ነው አይደል?» አለው። ጠባቂው «እኔ እንጃ» አለ። ቁልፉን ከእጁ ወስደው ከፈቱ። ግማሹ ባዶ በሆነው ጎተራ ውስጥ ማዶ ሞረዱን ይዞ፣ ጆሮውን ከበሩ ላይ ገና እያነሣ፣ ወዳጁ የከፈተለት መስሎት ፈገግ ብሎ ቆሞ አገኙት።

የሆነውን ሚስቱ አላየችም፤ ሮጣ ስትደርስ አልቆ ነበር። ያዩት ግን በኋላ በየተራ ነገሯት። ሁሉም ከኋላ ቆመው ነበር። የነገራትን ሁሉ ካመነች፣ በዚያ ቀን ከፊት የቆመ ሰው በከተማው አልነበረም።

ባሏን አጥባ ቀበረችው። ለቀብር የመጡት ጥቂቶች ናቸው፤ ከመጡትም ግማሹ ማን እንደመጣ ለማየት የመጣ ነበር። ከመቃብሩ ስትመለስ ለልጇ እንዲህ አለቻት፤ «የአፈ ሹሙን ደም እፈልጋለሁ፤ ግን ደሙ ብቻ አይበቃኝም። ይህ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ማዶ ሌባ አልነበረም ብሎ በአፉ እንዲናገር እፈልጋለሁ።»

«እማ፣ ይቅርብን» አለች ልጅቷ። «አባዬን አይመልሰውም።»

«አባትሽን ማን መልሱልኝ አለ? ስሙን ነው የምፈልገው። አንቺ ነሽ የምትጠሪበት።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያስቃል፤ ላልቀበረ ሰው ማለት ነው። ከተማው ሁሉ ቁልፍ ፈለገ። ፍርሃት ለቁልፍ ሠሪ እንደ ዝናብ ነው። ባሏን ሲረግጡ የዋሉ እግሮች ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ ተሰለፉ።

«እቴ፣ ጠንከር ያለ ይሁንልኝ» ትላታለች ሻማ ሻጯ ጎረቤቷ።

«ማንን ፈርተሽ ነው?»

«ማዶኞችን ነዋ። ጊዜው እንደምታዪው ነው።»

«ማዶኛ የሚባል ከዚህ ሰፈር የቀረ የለም እኮ። አንድ ልጄ ብቻ ናት።»

«ውይ፣ አንቺማ የኛው ነሽ» ትላለች ሻማ ሻጯ፤ ከዚያም ወናፉ አጠገብ ወደቆመችው ልጅ ዓይኗ ይሄድና ይመለሳል። «እሷም ብትሆን፣ ወደፊት የሚታይ ነው።»

ሴትዮዋ ሁሉንም ሠራችላቸው። መልካም አድርጋ ሠራች፤ የአባቷን ሙያ በቂም አላበላሸችም። ግን እየሞረደች አንድ ነገር ታዘበች፤ ቁልፍ የገዛ ሰው ፍርሃቱ አይቀንስም፤ ይብስበታል። አንድ የገዛ ሁለተኛ ይገዛል፤ በሩን የቆለፈ መስኮቱን ያስባል። አፈ ሹሙም እንዲሁ ነው ብላ አሰበች። ይህን ሁሉ እሳት የለኮሰ ሰው ጭሱ ወደሱ ቤት የማይሄድበት ምክንያት የለም፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አንድ ቀን እርሱም ቁልፍ ይፈልጋል። እርሷም ትጠብቃለች።

በክረምቱ መግቢያ የጎተራው ጠባቂ ወደ ሱቋ መጣ። ከስቶ ልብሱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሰላምታ ሳይሰጥ ደፉ ላይ ቆመ።

«ቁልፍ ፈልገህ ነው?» አለችው።

«አይደለም እቴ።»

«እንግዲያ ተሳስተሃል፤ እዚህ ሌላ ነገር አይሸጥም።»

«ማንም አልመታኝም» አለ፣ እንዳልሰማት ሁሉ። «ጩቤ የመዘዘብኝ የለም። አንዱ ብቻ ‹ወዳጅህ ነው አይደል?› አለኝ። አስተያየቱን ብታዪው። ሞት አይደለም የፈራሁት፤ እመኚኝ። ከእነሱ ተለይቶ መቆምን ነው። በሩ ሁለት ወገን አለው፤ ወይ ከማዶ ጋር ውስጥ ነኝ፣ ወይ ከእነሱ ጋር ውጭ። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ መረጠ።»

«እሱ ጆሮውን በሩ ላይ አስደግፎ ነበር» አለችው። «ድምፅህን ያውቀዋል። ሰምቶሃል።»

ጠባቂው በርከክ አለ። ተነሣ አላለችውም። እዚያው እንደተንበረከከ፣ ጎተራውን ያጎደለው ማን እንደሆነ ነገራት። እህሉ በአፈ ሹሙ ትእዛዝ ከመጋቢት በፊት በጋሪ እየተጫነ ወጥቷል፤ ግማሹ ተሸጦአል፤ ግማሹ የት እንደደረሰ እርሱም አያውቅም። አዲሱ ቁልፍ የታዘዘው ባዶው እንዳይታይ ነበር።

«ለምን አልተናገርክም?»

«አሁን ብናገር ማን ያምነኛል? እቴ፣ እህሉን የወሰደው አፈ ሹሙ ነው ማለት፣ ማዶን በከንቱ ገደላችሁ ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ጆሮ ያለው ሰው የለም። ሰው ከነነውሩ ከመኖር ይልቅ ከነረሃቡ መኖር ይቀለዋል።»

ይህን ቃል ያን ቀን በደንብ ብታስበው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ ግን ቂም ጆሮን በአንድ በኩል ይደፍናል፤ የሰማችው የእህሉን ነገር ብቻ ነው።

መስከረም ሲጠባ የአፈ ሹሙ በር ጠባቂ መጣ። ጀርባው የጎበጠ፣ ውሃ ከመቅዳትና በር ከመክፈት በቀር በማንም ነገር የሌለበት ሽማግሌ ነው።

«የኔ ልጅ፣ ጌታዬ ይፈልጉሻል።»

«ለምን ይሆን አባባ?»

«እንጃ፣ የቁልፍ ነገር መሰለኝ። ሰሞኑን እንቅልፍ የላቸውም።»

አፈ ሹሙ በጨዋ ደንብ ተቀበላት። «እጅሽ የተባረከ ነው ይሉኛል» አላት።

«አባቴና ባሌ ናቸው ያስተማሩኝ፣ ጌታዬ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ፤ ዓይኑን አላርገበገበም። ከዚያም ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ይዟት ወርዶ፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ አንድ በር አሳያት። ከውጭም ከውስጥም በቁልፍ የሚዘጋ፣ ወፍራም የብረት ምላስ ያለው መቆለፊያ ይፈልጋል። ውስጥ ያለው የሹሙ መዛግብት ነው አለ።

«መዝገብ የሚሰርቅ ሌባም አለ እንዴ ጌታዬ?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ከውስጥ የሚዘጋ መዝገብ ቤት ግን የለም። ይህ መሸሸጊያ እንደሆነ ገባት፤ ሕዝቡን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነውና ከማንም በላይ ሕዝቡን ይፈራ ነበር።

ሥራውን ስትሠራ ከአጠገቧ አልተለየም። በሩን እጅ በሚያስገባ ያህል ብቻ ከፍቶ፣ ራሱ ስንጥቁ ላይ ወንበር አድርጎ ይቀመጥና ጣቶቿን ያያል። እርሷም ብረቱን እየለካች ወደ ታች ታያለች። ደፉ ላይ ነቀዝ ይሄድ ነበር፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ። የማጠፊያው ጥግ ላይ የስንዴ ገለባ ተሰክቷል። ነቀዝ መዝገብ አይበላም። ምንም አልተናገረችም። ሽማግሌው በር ጠባቂ «የኔ ልጅ፣ ደከመሽ፤ ውሃ ላምጣልሽ?» ሲላት ብቻ ቀና ብላ አመሰገነችው።

የፈተናውን ቀን እርሷ ወሰነች። ሐሙስ ጠዋት፣ ገበያው ሊሞቅ ሲል አደረገችው። ሁለት ቁልፎች ሰጠችው፤ አንዱን ለፈተናው መልሳ ተቀበለችው።

«ሌላ አላስቀረሽም?» አላት።

«ሁለት ብቻ ናቸው ጌታዬ። አሁን የሙያው ሕግ ይፈጸም፤ ሠሪ ከውስጥ፣ ባለቤት ከውጭ» አለችና ወደ በሩ ተራመደች።

ክንዱን ዘርግቶ አገዳት። «አንቺ ውስጥ አትገቢም።»

«ያልተፈተነ ቁልፍ አላስረክብም። የአባቴ መሐላ ነው።»

አፈ ሹሙ አሰበ። ከዚያ ፈገግ አለ። «እንግዲያ ሕጉን እንገልብጠው። እኔ ከውስጥ፣ አንቺ ከውጭ።»

«እንዳሉ» አለች፤ ቁልፉን ጨብጣ።

ገባ። ቆለፈች። ቁልፉንም ከቀዳዳው ሳታወጣው ተወችው። ከአንዱ ወገን ቀዳዳው ከሞላ ከሌላው ወገን ቁልፍ እንደማይገባ ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ አፈ ሹሙም ያውቅ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት ሐሳቡ ሁሉ ከጀርባው ያለው እንዳይታይ ነበርና፣ ከፊቱ ያለውን ረሳው። በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ ነቀነቀችው፤ በእግሯ መታችው። ጆሮዋን አስደገፈች። ብረቱ ጥሩ ነበር።

«ጠንካራ ነው» አለ ድምፁ። «ክፈቺ።»

ጆሮዋን ከበሩ አነሣች።

«ሴትዮ፣ ክፈቺ አልኩ እኮ።» ቁልፉን ከውስጥ ሲሞክር ተሰማት፤ ቆመ። ገብቶታል። ሲናገር ድምፁ እንደቀድሞው ለስላሳ ነበር። «ባልሽን እኔ አልገደልኩም። አንድ ቃል በእርሱ ላይ አልተናገርኩም፤ ጠየቅሁ እንጂ። ፍርሃቱን እኔ አላመጣሁትም፤ ነበረ፤ መንገድ አሳየሁት። የተራበ ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ እህልና ጥፋተኛ። የምሰጠው እህል አልነበረኝም።»

«ከጀርባህ ያለው ምንድን ነው?» አለችው። «አንተ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ልጅ አለችሽ» አለ ድምፁ፣ ጥያቄዋን ትቶ። «ዛሬ ይህን በር ለሕዝቡ ብትከፍቺ፣ ነገ የማንን በር እንደሚከፍቱ ታውቂያለሽ? እነሱ አንቺ የምትፈልጊውን አያገኙም። የሚፈልጉትን ነው የሚያገኙት። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። አውቃቸዋለሁ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም። የጎተራው ቁልፍ ሐሙስ በአራት ሰዓት ይፈተን ብሎ ያዘዘው ማን ነው?»

አፈ ሹሙ መልስ አልሰጠም። ጠበቀችው። በዕድሜው ሙሉ ለሌሎች ሲተወው የኖረው ዝምታ አሁን በእርሱ ወገን ቀረ። ከዚያ በኋላ ደረጃውን ወጣች።

አደባባዩ ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ የሳምንቱን ፍርሃት ሊቀበል የድንጋዩን መቆሚያ እያየ ይጠብቃል። ሴትዮዋ ወጣችበት። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዱ «ዛሬ ደግሞ ቁልፍ በአዋጅ ሊሸጥ ነው» አለ። እስኪጨርሱ ቆየች።

«እኔ ማንንም አልከስም» አለች። «ብቻ ልጠይቅ። አንድ ብቻውን የሚኖር ሰው ለምድር ቤቱ ወፍራም ቁልፍ ለምን ያስገጥማል? አፈ ሹሙ ለመዝገብ ነው አለኝ። እኔ መሃይም ነኝ፣ መዝገብ አላውቅም፤ እናንተ የምታውቁ ንገሩኝ። መዝገብ የሚበላ ነቀዝ አይታችኋል?»

ዝም አለች። ዝምታው ሲያብጥ፣ ፊቶቹ ወደ አንድ ወገን ሲዞሩ፣ ከእግሯ ሥር ወናፍ የሚነፋ ያህል ሙቀቱ ወደ ላይ ሲወጣ ተሰማት። ደስ አላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የቀመሰችው የመጀመሪያው ጣፋጭ ነገር ነበር፤ ሰውየው ለምን ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ድንጋይ ላይ ለመውጣት ይቸኩል እንደነበረ ገባት።

የአፈ ሹሙ ቤት ሲደርሱ ሽማግሌው በር ጠባቂ በሩ ላይ ቆመ። «ጌታዬ የሉም» አለ፣ እንደተማረው። ጥለውት አለፉ። ሲያልፉ ማን እንደመታው የሚያውቅ የለም፤ እዚያም ሁሉም ከኋላ ነበር። እርሷ ወደ ደረጃው ስታልፍ ሽማግሌው ደፉ ላይ ሕይወቱ አልፎ ተዘርግቶ ነበር፤ ከጎኑ የውሃ ማንቆርቆሪያው ተደፍቷል። ቆመች። ከኋላ ገፏት፤ ወረደች።

በምድር ቤቱ በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። «ቁልፉ ይኸው» አለች። «ከመክፈቴ በፊት አንድ ቃል እፈልጋለሁ። ማዶ ሌባ አልነበረም፤ በሉ።»

ተያዩ። የጎተራው ጠባቂ ቀድሞ «ማዶ ሌባ አልነበረም» አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ሻማ ሻጯ አለች፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ደረጃው ሙሉ በአንድ ላይ ደገመው። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ከዚያም ዞራ ቁልፉን አዞረች።

ከጣራ እስከ ወለል የጎተራው ማኅተም ያለበት ጆንያ ተደርድሮ ነበር። አፈ ሹሙ ከፊቱ ቆሟል፤ እጁን ዘርግቶ «ወገኖቼ» አለ።

«የማን ወገን?» አለው አንዱ።

በዚያች ቅጽበት የሆነውን ሴትዮዋ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ስታሰላስለው ኖረች። ሕዝቡ ጆንያውን አየ፤ ማኅተሙን አየ፤ ፊቶች ገረጡ። ጎተራውን የዘረፈው የገዛ ሰዋቸው ከሆነ፣ እነርሱ በመጋቢት የገደሉት ማንን ነበር? ጥያቄው ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ሲሄድ ታየ። ከዚያ ሻማ ሻጯ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ለነገሩ አያቱ ከማዶ ናት ይባላል» አለች።

ይባላል ያለችውን ከማን እንደሰማች የጠየቃት የለም። እያንዳንዱ ሰው ማንም የማያውቃት አንዲት አያት አለችው። ግን ሴትዮዋ የፊቶቹን መፈታት አየች፤ የታሰረ ሰው ገመዱ ሲላላለት እንደሚተነፍሰው ሁሉም ባንድ ላይ ተነፈሱ። ማዶኛ ነው። ለካ እርሱም ማዶኛ ነው። የገዛ ወገናቸው አልዘረፋቸውም፤ በመጋቢትም አልተሳሳቱም። «ለዚያ ነዋ ቁልፍ ሠሪውን ጎተራ ያስገባው» አለ ሌላው። «ተማምነው ነው።»

አፈ ሹሙ አፉን ከፈተ። የሕይወቱን ምርጥ ንግግር ሊናገር ነበር ይሆናል። ማንም አልሰማውም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ሲጨርሱ ሴትዮዋ አጠገቧ ያለውን ሰውዬ እጁን ያዘችው። «አሁን በሩ ላይ ምን አላችሁ?» አለችው። «ማዶ ሌባ አልነበረም አላላችሁም?»

ሰውየው አዘነላት፤ በለዘብታ እጁን አስለቀቀ። «እቴ፣ በሩ እንዲከፈት ነዋ።»

እህሉን ተካፈሉ። የእርሷንም ድርሻ ሻማ ሻጯ ደጇ ድረስ አመጣችላት። «ውሰጂ እንጂ፣ አንቺ ባትኖሪ መች ይገኝ ነበር» አለቻት። ከዚያም ልጅቷን አየቻትና፣ «ዓይኗ ግን አባቷን ነው፣ አይደል?» አለች፤ በፍቅር በሚመስል ድምፅ። ሴትዮዋ ጆንያውን ከደጇ ሳታነሣ፣ መሣሪያዋን አስራ፣ በማግስቱ ጠዋት ከልጇ ጋር ወንዙን ተሻገረች። የጎተራው ጠባቂ እስከ ጀልባው ሸኛቸው፤ ዕቃቸውን ተሸክሞ።

በአፈ ሹሙ ሞት አንድ ቀን አልተጸጸተችም። ደግሞ ቢነሣ ደግማ ትቆልፍበት ነበር። ውሃ ላምጣልሽ ያላት ሽማግሌ ግን ከዓይኗ አልጠፋም፤ ከእርሱ ይልቅ ደግሞ ያ ቃል፤ በሩ ላይ በአንድ ድምፅ የተባለው፣ ወዲያው የሞተው። አፈ ሹሙን ቀበረችው፤ ትምህርቱን ግን መቅበር አልቻለችም፤ እንዲያውም ያን ቀን ከድንጋዩ ላይ ሆና አንድ ጊዜ ደግማ አስተምራዋለች። ከወንዙ ወዲያ የሚኖሩት ሰዎች ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ እርሷንና ልጇን ተቀበሉ፤ ከዚያኛው ዳር የመጡ ስለሆኑም ሁለቱን «ማዶዎች» ብለው ይጠሯቸው ጀመር፤ ለቀልድ።

የከተማው ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚያ ዓመት የጻፉት አጭር ነው። በድርቁ ዘመን ሁለት ማዶኞች፣ አንዱ በአፈ ሹምነት፣ አንዱ በቁልፍ ሠሪነት ተሸሽገው የሕዝቡን እህል ሲዘርፉ ተያዙ፤ ሕዝቡም በቆራጥነት ፈረደባቸው ይላል። ስለ በር ጠባቂው፣ ስለ ሙያው ሕግ፣ ስለ «እኔ እንጃ» የተጻፈ ነገር የለም። ታሪክ የሚያስታውሰው ከኋላ የቆሙት የተስማሙበትን ነው።

በተከታዩ ዓመት ዝናቡ ዘነበ፤ ጎተራውም እስከ አፉ ሞላ። የተቆለፈው ማዶ በዚያ ሐሙስ በገጠመው ቁልፍ ነበር፤ ጥሩ ቁልፍ ስለሆነ አልቀየሩትም።